ከ«ሒሳብ!» ወደ «ጢጥ»

የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ የክፍያ ሥርዓት የለውም የሚል ሰው ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። ሥርዓቱማ አለ፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ረዳቱ ማን ሜክሲኮ እንደገባ፣ ማን ሳር ቤት እንደሚወርድ፣ ባለ ኮፍያው መቶ ብር ሰጥቶ መልስ እንደሚጠብቅ፣ መስኮት ጥግ ያለችው ደግሞ «ከፍያለሁ» ስትል እንደምትዋሽ በጭንቅላቱ ይዟል። ወንበሩ የ12 ሰው ነው፤ ትርፍ ሲጫን ጭንቅላቱም አብሮ ይሰፋል። መብራት ቢጠፋ አይቆምም፤ ኔትወርክም አይጠይቅም።

ረዳቱ ማሽን ላይ በሚነካ የጉዞ ካርድ ይተካ የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሡት የዝርዝርን ነገር ነው፤ እውነታቸውን ነው። ረዳቱ ዝርዝር ሲያጣ ለማይተዋወቁ ሁለት ተሳፋሪዎች አንድ ኖት ያስይዝና «ተካፈሉ» ብሎ ይሸኛቸዋል። ሁለቱ ሰዎች ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ። ባለሱቁ «ካልገዛችሁ አልዘረዝርም» ይላል፤ ማስቲካ ይገዛል፤ ማስቲካውንም ይካፈላሉ። ካርድ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ስንት ትዳር አብሮ እንደሚያስቀር ግን ያጠና የለም።

ካርዱ ራሱ ቀላል ዕቃ ነው። ባትሪ የለውም። ፕላስቲኩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቺፕና በካርዱ ጠርዝ ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ። ማንበቢያው ማሽን በ13.56 ሜጋኸርዝ ሞገድ ይለቃል፤ ሽቦው ከሞገዱ ኃይል ይቀበላል፤ ቺፗ ትነቃለች፣ ቀሪ ሒሳቧን ትናገራለች፣ ይቀነስላታል፣ ተመልሳ ትተኛለች። የለንደኑ ኦይስተር ካርድ ሲሠራ ይህ ሁሉ በግማሽ ሴኮንድ እንዲያልቅ ታስቦ ነው። ተሳፋሪ ግን ግማሽ ሴኮንድም አይታገሥም። ካርዱን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ወዝወዝ አድርጎ ያልፋል፤ ቺፗ አዲሱን ሒሳብ ጽፋ ሳትጨርስ ከሞገዱ ትወጣለች፤ ማሽኑ ቀይ ያበራል፤ ሰውየው ማሽኑን ይሰድባል። ካርዱን ዝርግ አድርጎ ማስነካትና «ጢጥ» እስኪል አለማንሣት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

ሽቦው ጠርዝ ላይ መሆኑ በተለይ ለእኛ ክፉ ዜና ነው። እኛ መታወቂያ የሚመስል ነገር ሲሰጠን መጀመሪያ ላሚኔት እናስደርገዋለን፤ ከዚያ ጥጉን በስተን፣ ክር አስገብተን አንገታችን ላይ እናንጠለጥለዋለን። ካርድ ጥጉ ላይ ሲበሳ ሽቦው ይቆረጣል፤ ሽቦው ከተቆረጠ ካርዱ ዳግመኛ አይነቃም። ገንዘቡ እንኳ በዋናው መዝገብ ላይ ይኖራል፤ ወደ ሌላ ካርድ ለማዛወር ግን የሞተው ካርድ አስቀድሞ በስም መመዝገብ ነበረበት። ካርድ በሚቀየርበት መስኮት ላይ የሚሆነውን ንግግር ከአሁኑ መጻፍ ይቻላል። «ለምን በሳኸው?» «እንዳይጠፋብኝ።»

ቦርሳም ጣጣ አለው። የጉዞ ካርድና የሚነካ የባንክ ካርድ አንድ ቦርሳ ውስጥ ተደራርበው ቦርሳው እንዳለ ማሽኑ ላይ ሲደገፍ፣ ማሽኑ ወይ ሁለቱንም አልቀበልም ይላል፣ ወይ ካልታሰበው ይቆርጣል።

እነዚህ የዕቃ ችግሮች ናቸው፤ ይለመዳሉ። የሚያስቸግረው ይሉኝታችን ነው። ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ታክሲ ውስጥ ከተገናኙ የጉዞው ግማሽ በፍልሚያ ያልቃል። «የእሷንም ቁረጥ!» «በሞቴ፣ እንዳትቀበለው!» የረዳቱ እጅ ወዲህና ወዲያ ይጎተታል፤ በመጨረሻ ረዳቱ ዝርዝር ከያዘው ይቀበልና ጠቡን ይዘጋል። በካርድ ዘመን የሚያሸንፈው እጁ የፈጠነ ነው። አሸናፊው ለጓደኛውም ብሎ ካርዱን ድጋሚ ሲያስነካ ደግሞ ብዙ ማሽኖች እምቢ ይላሉ፤ አንድ ካርድ በደቂቃ ውስጥ ሁለቴ ከመጣ ማጭበርበር ነው ብለው እንዲጠረጥሩ ተደርገው ተሠርተዋል። ለማሽን ቸርና ሌባ መልካቸው አንድ ነው።

የዋሽንግተን ዲሲ ሐበሻ ይህን ቀድሞ ቀምሶታል። ስማርትሪፕ የሚባለው ካርድ በፈረንጆች 1999 ወጣ፤ በ2016 የወረቀቱ ካርድ ሲቀር የባቡሩ በር በስማርትሪፕ የሚከፈት ሆነ። ከሕፃናት በቀር እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ካርድ መያዝ አለበት። ስለዚህ እናትና አክስት ከአገር ቤት ሲመጡ ካርድ ይገዛላቸዋል፤ ሲመለሱ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በዲሲ ዙሪያ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቀሪ ሒሳቡን ማንም የማያውቀው የእንግዳ ካርድ የሌለበት የሐበሻ መሳቢያ ቢፈለግ ይገኝ ይሆን? ባቡሩ በርቀት ስለሚያስከፍል ደግሞ ሲወጡም መንካት ግድ ነው። እማማ ግን ገና እንደገቡ ካርዱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል። መውጫው በር ላይ ቋጠሮው እስኪፈታ ከኋላ ያለው ሰልፍ በትሕትና ይቃጠላል።

ይህ የመውጫ ነገር እኛንም ይመለከተናል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡራችን ሲነሣ ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በወረቀት ቲኬት ቀድሞ መናገር ይበቃል። ካርድ ግን የት እንደወረድክ የሚያውቀው ስትነግረው ነው፤ ካልነገርከው እስከ መጨረሻው ሄደሃል ብሎ ትልቁን ሒሳብ ይቆርጣል፤ ለንደንም እንዲሁ ነው። ከተማውን በሙሉ የተሸከመ በሚመስል ፉርጎ ውስጥ በሰው ተገፍቶ የወረደ፣ አንድ ጫማው የቀረ ሰው፣ ዞር ብሎ ካርዱን ያስነካል ብሎ የሚጠብቅ መሐንዲስ በዚያ ባቡር በሥራ መውጫ ሰዓት አልሄደም።

ከሁሉ የሚከፋው ቀዩ መብራት ነው። ዛሬ ሁለት ብር የጎደላቸው እናት ወደ ረዳቱ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ሁለት ብር ጎደለኝ» ይሉታል፤ እሱም ፊቱን ሳያዞር «ግቢ እናት» ይላል። ማሽን ሹክሹክታ አይሰማም፤ የጎደለውን ለታክሲው ሁሉ ጮኾ ያስታውቃል። ሁልጊዜ ልክ ቢሆን እንኳ ምንም አልነበረም። ሒሳቡ ካርዱ ላይ የሚጻፍ ከሆነ በስልክ የተሞላ ገንዘብ መጀመሪያ የሚያርፈው ማእከላዊው መዝገብ ላይ ነው፤ መረጃው መኪናው ላይ ወዳለው ማሽን እስኪደርስ፣ ማሽኑም ካርዱ ላይ እስኪጽፈው ድረስ «ሞልቻለሁ እኮ!» የሚለው ተሳፋሪም፣ «ባዶ ነው» የሚለው ማሽንም ትክክል ናቸው። ማሽኑ መረጃ የሚለዋወጠው ማታ ጋራዥ ሲገባ ብቻ ከሆነ ክርክሩ ለነገ ያድራል። የጠፋ ካርድም በዚሁ ምክንያት፣ ባለቤቱ «አሳግጄዋለሁ» ብሎ ከተኛ በኋላ ላገኘው ሰው ሲያገለግል ሊያመሽ ይችላል።

ለንደን ይህን አስባበት ነበር። በፈረንጆች ጁላይ 6 ቀን 2014 አውቶቡሶቿ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ሲያቆሙ፣ ኦይስተር ላይ የቀረው ገንዘብ ለጉዞው ባይበቃም አንድ ጊዜ እንዲያሳፍርና ዕዳው ሲሞላ እንዲቆረጥ ተደረገ። እንግሊዞች «ግቢ እናት»ን በሶፍትዌር ጻፉት ማለት ነው። ደግሞም አልቸኮሉም፤ ካርዱ ከ2003 ጀምሮ ሲለመድ ቆይቶ፣ ገንዘብ ሲከለከል በእጁ የሚከፍለው ተሳፋሪ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር።

በዚያው ሳምንት ናይሮቢ ሌላ ትምህርት ላይ ነበረች። የኬንያ መንግሥት ማታቱዎች የሚባሉት የአገሩ ሚኒባስ ታክሲዎች ከጁላይ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ያለ ጥሬ ገንዘብ እንዲሠሩ ቀን ቆርጦ ነበር። ቀኑ ደረሰ፤ ተራዘመ፤ የተራዘመውም ደረሰ፤ ረዳቱ ግን ጥሬ ገንዘብ መቁጠሩን አልተወም። ጉግል ከኢኩዊቲ ባንክ ጋር ሆኖ በ2013 ያወጣው ቤባፔይ የተባለ ካርድም በ2015 ተዘጋ። ሰዉ ቴክኖሎጂ ፈርቶ ነው እንዳይባል፣ በስልክ ገንዘብ መላላኪያውን ኤምፔሳን በ2007 ለዓለም ያሳየ አገር ነው።

ነገሩ ቺፗን አይመለከትም። የማታቱ ሹፌርና ረዳት ለባለንብረቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባሉ፤ የተረፈው የእነሱ ነው። ነዳጁ፣ የተራው፣ ምሳው፣ መንገድ ላይ ለሚያስቆመው ፖሊስ የሚጨበጠው፣ ሁሉም የሚወጣው ከዚያው ከእጅ ነው። ካርድ ሲመጣ ገንዘቡ በቀጥታ ባንክ ይገባል፤ ባለንብረቱ መኪናው በቀን ስንት እንደሚሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያውቃል፤ ግብር ሰብሳቢውም አብሮ ያውቃል። ዝናብ ሲጀምር ታሪፍ መጨመርም ይቀራል። እኛም ዘንድ ገቢ የሚጠብቅ ባለንብረትና እጁን የዘረጋ ተራ አስከባሪ ስላለ፣ ማሽኑ በተተከለ በሳምንቱ «ተበላሽቷል» ቢባል የሚደነግጥ ቴክኒሻን አይኖርም።

ለመሆኑ የት ይተከላል? አውቶቡስ ላይ በሩ ጋ ነው፤ አለቀ። ሚኒባስ ላይ ግን «ሒሳብ!» የሚባለው ሰው ገብቶ፣ ተጠጋግቶ፣ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። የኋላ ወንበር ተሳፋሪ ተነሥቶ በሩ ጋ አይመጣም፤ ረዳቱም በትርፉ ላይ ተረማምዶ ኋላ አይደርስም። ስለዚህ የኋላዎቹ ካርዳቸውን ለመካከለኞቹ፣ መካከለኞቹ ለረዳቱ ያቀብላሉ፤ እሱም አምስቱን ተራ በተራ ጢጥ፣ ጢጥ ያደርጋቸዋል። አሁን እጁ ላይ ያሉት ቀለማቸው አንድ፣ መጠናቸው አንድ፣ ስም የሌለባቸው አምስት ካርዶች ናቸው፤ የሚለያቸው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀሪ ሒሳብ ብቻ ነው።

«ሰባት ብር የቀረው የማን ነው?» ይላል ረዳቱ። ዝም።

«ሦስት መቶ የቀረውስ?»

አምስት እጅ።