ዕድሜ ይቀንስልህ

«ዕድሜና ጤና ይስጥህ» ብሎ መመረቅ ለማንም ሰው የሚስማማ ቢመስልም፣ በአፍሪካ ከ17 ዓመት በታች ዋንጫ ማጣሪያ ዋዜማ ለታዳጊ ተጫዋች ሲነገር ግን ከእርግማን አይተናነስም። ጤናውን ይስጠው፤ ዕድሜ ግን ካለው ላይ እንዲነሣለት እንጂ እንዲጨመርለት አይፈልግም። ስለዚህ በማጣሪያው ሰሞን ትክክለኛው ምርቃት «ዕድሜ ይቀንስልህ» የሚለው ሲሆን፣ ይህን ምርቃት ሰምቶ የሚፈጽመውም ማኅተም የጨበጠ ሰው ነው።

ሌላው ዓለም እርጅናን ለማዘግየት ስንት ቅባት ይቀባል፣ የስንት ሐኪም ደጅ ይጠናል። የአህጉራችን የእግር ኳስ ሰዎች ግን ጉዳዩን ከቆዳ ወደ ወረቀት ካዛወሩት ሰንብተዋል። ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ ቢሮ የገባው ሰው ከሰዓት በኋላ ጉርምስናን አንድ ብሎ ጀምሮ ይወጣል። እንዲህ ያለ ጥበብ ምስጋና ተነፍጎት በየጊዜው «ማጭበርበር» እየተባለ ሲወገዝ መስማት ስለሚከብደኝ፣ የዛሬውን ጽሑፌን ለዕድሜ ቀናሾች ውለታ አውዬዋለሁ።

ደንቡ በራሱ ሲታይ ርኅራኄ የሌለው ነው። በ2025 በሞሮኮ በተካሄደው ውድድር መጫወት የሚችለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ የተወለደ ብቻ ነበር። ይህ ወደ እኛ ሲመለስ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ማለት ነው፤ አዲሱን ሺህ ዓመት በርችት ከተቀበልን ከሦስት ወር ተኩል በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። በዚያች ሌሊት ርችቱን በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ማየቱን የሚያስታውስ፣ እንዲያውም ለትከሻ ከብዶ በራሱ እግር ቆሞ የጨፈረ ወጣት፣ ይህን ደንብ ሲያነብ ተስፋ ይቆርጣል ብላችሁ ከገመታችሁ ዕድሜ ቀናሾችን አታውቋቸውም። ከመወለዱ ከሦስት ወር በፊት ያየውን የሚያስታውስ ሰው ባለተሰጥኦ ነው፤ ባለተሰጥኦ ደግሞ ይመለመላል።

በዚህ ረገድ ሀገራችን ከአህጉሩ ሁሉ የሚያስቀና ጸጋ አላት። ሌላው በሐሰት ሰነድ የሚደክምበትን እኛ በቅን ስሕተት ልንፈጽመው እንችላለን። እንበልና አንድ ልጅ በመጋቢት 1993 ዓ.ም. ተወለደ፤ በአውሮፓውያኑ 2001 መሆኑ ነው። አንደኛው ጸሐፊ በትክክል ቀይሮ 2001 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ጸሐፊ ደግሞ ይህ 2001 የእኛው አቆጣጠር መስሎት በትጋት እንደገና ይቀይርና 2009 ያደርገዋል። ፊርማ ሳይሰረቅ፣ ማኅተም ሳይቀረጽ፣ አንድ ልደት ሁለት ጊዜ ስለተተረጎመ ብቻ የ24 ዓመቱ ጎልማሳ ለሞሮኮው ውድድር የ16 ዓመት ልጅ ሆኖ ይደርሳል። «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው መፈክር ለቱሪስት ብቻ የተባለ ይመስላችሁ ነበር? ተደርጓል አላልሁም፤ ጸጋው አለን ነው ያልሁት።

ጥበቡ የቆየ ስለሆነ የቆዩ ጉድለቶችም አሉበት። ፊፋ በ1989 ናይጄሪያን ከወጣቶች ውድድር ለሁለት ዓመት ያገደው፣ በ1988ቱ የሴኡል ኦሎምፒክ የተሰለፉ ተጫዋቾች ቀደም ባሉት ውድድሮች ካስመዘገቡት የተለየ የልደት ቀን ይዘው ስለተገኙ ነበር፤ በ1991 ልታዘጋጀው የነበረው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮናም ወደ ፖርቱጋል ሄደ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ጊኒ ያንኑ መንገድ ደገመችው። በ2019 ታንዛኒያ ላይ ለፍጻሜ ደርሳ በካሜሩን በመለያ ምት ብቻ ከተሸነፈች በኋላ፣ የሁለት ተጫዋቾቿ የልደት ቀን ከዚያ በፊት ጃፓን ላይ ለተደረገ ውድድር ከቀረበው ጋር አልገጥም ብሎ ከውድድሩ ተሰረዘች፤ የዓለም ዋንጫ ቦታዋንም ሴኔጋል ወሰደችው። በእኔ አስተያየት የሁለቱም ጥፋት ዕድሜ መቀነስ አልነበረም፤ የቀነሱትን ልክ በቃል አለመያዝ ነው። ሰው ከአንዲት እናት ሁለት ጊዜ ቢወለድ ችግር የለውም፤ ሁለቱንም ልደት መዝገብ ላይ ማስፈር ግን ግድየለሽነት ነው።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ፊፋ በ2009 ናይጄሪያ ባዘጋጀችው ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በምስል በሚያሳይ ማሽን፣ መመርመር ጀመረ፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ)ም ይህንኑ ምርመራ ወደ ማጣሪያዎቹ አመጣው። ምርመራው ለተመልካች ምንም ጌጥ የለውም። ተጫዋቹ ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቆ ይተኛል፤ ግራ እጁ እንዳይነቃነቅ ይታሰርና እንደ ዛር ከበሮ በሚደልቅ ማሽን ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ ስምህ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነህ አይለውም። የሚያየው ከአውራ ጣት ወገን ያለውን የክንድ አጥንት ጫፍ ነው፤ አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ከሆነ ጫፉን ከግንዱ የሚለይ መስመር በምስሉ ላይ ይታያል፤ ዕድገቱን ሲጨርስ ሁለቱ ይጋጠሙና መስመሩ ይጠፋል። ይህ ሂደት በስድስት ደረጃ የተከፈለ ሲሆን ስድስተኛው ላይ የደረሰ፣ ማለትም አጥንቱ ፈጽሞ የተጋጠመ፣ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ይሰናበታል። ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩት የቡድን መሪና አሰልጣኝ በዚህ ሰዓት የሚያደርጉት የላቸውም። ጸሐፊ ይለመናል፣ ማኅተም ይለመናል፤ አጥንት ግን አማላጅ አይሰማም።

ጠላት ይህን ሲሰማ ጥበቡ አበቃለት ብሎ ደስ ይለው ይሆናል። ማሽኑ ግን የልደት ቀን አይናገርም፤ የሚናገረው አጥንቱ መጋጠሙን ወይም አለመጋጠሙን ብቻ ነው። 17 ሳይሞላው አጥንቱ ፈጽሞ የተጋጠመ ልጅ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ 18 ወይም 19 ሞልቶት መስመሩ ገና ያልጠፋ ወጣት ግን ሞልቷል። ምርመራው ልጅን ላለመበደል ሲል የሚያሳልፈው ትልቅ ሰው አለ ማለት ነው። ዕድሜ ቀናሾቻችን ከዚህች ቀዳዳ አዲስ የምልመላ ሳይንስ ፈለሰፉ። ቀድሞ ተጫዋች በእግሩ ይመረጥ ነበር፤ አሁን በእጁ አንጓ ይመረጣል። አጥንቱ የዘገየ አጥቂ ከተገኘ ኳስ መምታቱ ቀስ ብሎ ይታይለታል። «ምርመራውን አልፏል» የሚለው ቃልም «ልጅ ነው» ተብሎ ተተርጉሞ በመግለጫ ይነበባል፤ እንደ ልደቱ ዘመን ሁሉ ይህም ሁለት ጊዜ የተቀየረ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ባህሉን የሚንቅ ሰው አልጠፋም። በጃንዋሪ 2023 የካሜሩን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሳሙኤል ኤቶ፣ የመካከለኛው አፍሪካ ዞን ማጣሪያ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት የገዛ ሀገሩን ታዳጊዎች አስመረመረ። ከ30ዎቹ 21ዱ ወደቁ። ዘጠኝ ልጆች ብቻ ልጆች ሆነው ተገኙ ማለት ነው፤ እንኳን ተቀያሪ፣ አሥራ አንድ እንኳ አይሞሉም። የወግ ያለህ! የሚመረመረው የባላጋራ ቡድን ነው እንጂ የራስ ልጅ በዋዜማ ይመረመራል? ሃያ አንዱ ጎልማሶች እኮ ከሰማይ አልወረዱም፤ ያያቸው፣ የመረጣቸው፣ ማለዳ ማለዳ ያሰለጠናቸው፣ መኝታ ቤት ያከፋፈላቸው ሰው አለ፤ ያ ሁሉ ሰው ስለ ጨዋነቱ ምንም ሳይጠይቅ የኖረበትን ሰላም ኤቶ በአንድ ጠዋት አደፈረሰው። ከሁሉ የሚያበሳጨው ደግሞ ካሜሩን በችኮላ በተሰበሰቡ ተተኪዎች ተጫውታ ለአልጄሪያው የ2023 ውድድር ማለፏ ነው። እውነተኛ ልጆች ይዞ ማለፍ የሚቻል ከሆነ፣ የእነዚያ ሁሉ ዓመታት የማኅተም ድካም ለምን ነበር?

ከኤቶ ይልቅ ብልህነትን ከኮንጎ ብራዛቪል መማር ይሻላል። ለ2017ቱ የጋቦን ውድድር በተደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ ኮንጎ ከታንዛኒያ ጋር በድምር 3 ለ 3 ተለያይታ ከሜዳዋ ውጭ ባገባቻቸው ጎሎች አለፈች። ታንዛኒያ በአንድ ተጫዋች ዕድሜ ላይ ክስ አቀረበች፤ ካፍም ልጁ ለኤምአርአይ እንዲቀርብ አዘዘ፤ ልጁም ሳይቀርብ ቀረ። ከማሽን ጋር ከመከራከር አለመገናኘት ይበልጣል። እርግጥ ነው፣ በዚህ ምክንያት ኮንጎ ተሰርዛ ወደ ጋቦን የተጓዘችው ታንዛኒያ ሆነች፤ ነገር ግን የልጁ አጥንት እስከ መጨረሻው ምስጢሩን ጠብቋል።

ጥበቡ ከመከራም ያወጣል። በ2021 ሞሮኮ ላይ ሊካሄድ የነበረው ውድድር በኮቪድ ምክንያት ሲሰረዝ፣ በ2004 በእርግጥ የተወለዱት ልጆች ዕድላቸው አለፈቻቸው፤ የ2023ቱ ውድድር የፈለገው ከ2006 ወዲህ የተወለዱትን ነበርና። ዕድሜን የእግዜር ስጦታ አድርገው የሚቀበሉ ሰዎች መጨረሻቸው ይህ ነው። ብልሁ በ2006 እንደገና ይወለዳል።

ወደፊት ግን ሥራው ሳይከብድ አይቀርም። ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ከ2025 ጀምሮ በ48 ቡድኖች፣ በየዓመቱ፣ ኳታር ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል፤ የአፍሪካ ድርሻም 10 ቡድን ሆኗል። በየሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ ይወለድ የነበረ ሰው አሁን በየዓመቱ መወለድ ሊኖርበት ነው። ምጡ በዛ።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ በዓይኔ ላይ የሚሄደው ኳስ አቀባዩ ልጅ ነው። በየማጣሪያው ከመስመሩ ጀርባ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ፣ ማልያው እስከ ጉልበቱ ወርዶለት ይቆማል። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ለዚሁ ቡድን ምልመላ ሄዶ «ሰውነትህ ገና ነው፣ ለከርሞ ና» ተብሎ የተመለሰ ነው። በሰነድ ከሄድን መስመሩ ላይ ከቆመው አጥቂ በአምስት ወር ይበልጣል። ኳሷ ስትወጣ ሮጦ ያነሣታል፤ አጥቂው ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ እጁን ይዘረጋለታል፤ ልጁም አንገቱን ሰበር አድርጎ በሁለት እጁ ያቀብለዋል።

«ይኸው ጋሼ።»

«ተባረክ የኔ ልጅ፤ ዕድሜ ይስጥህ።»