ከሽልማቱ ግዥው ይቅደም

ወሎ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጀው የተማሪዎች የሥራ ፈጠራ ውድድር ላይ ከዳኞቹ አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። አዳራሹ በባነር አጊጧል፣ የታሸገ ውሃ በየፊታችን ተደርድሯል፣ ተወዳዳሪዎቹ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ከረባት አስረዋል። በሰባተኛ ተራ የቀረበው ልጅ ግን ከረባት አልነበረውም። ይዞት የመጣው የክሊራንስ ፕሮግራም ነው። ካምፓስ የገባ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ተማሪ ዓመቱን ጨርሶ ሲወጣ አንድ ወረቀት ይዞ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ፕሮክተር (የመኝታ ክፍል ተቆጣጣሪ)፣ ከፕሮክተር ወደ ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤት ወደ ስፖርት ክፍል እየዞረ ዕዳ እንደሌለበት ያስፈርማል። አንዱ ፈራሚ ለቅሶ ከሄደ ቀኑ አለቀ። ልጁ ይህ ሁሉ ዙረት በስልክ እንዲያልቅ አድርጎ ሠርቶ በራሱ የትምህርት ክፍል ተማሪዎች ሞክሮታል።

እኛ ዳኞች ምን ጠየቅነው? አንዱ የአምስት ዓመት የገቢ ትንበያ ጠየቀው። ሌላዋ በአፍሪካ ደረጃ ለመስፋፋት ምን እንዳሰበ ጠየቀችው። እኔም ከእነርሱ አልተሻልኩም፤ «ተወዳዳሪዎችህ እነማን ናቸው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ወረቀት» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። ሁለተኛ ወጣ፤ የምስክር ወረቀትና ጥቂት ሺህ ብር ተሰጠው፣ ከአመራሩ ጋር ፎቶ ተነሣ። ከሁለት ወር በኋላ ምረቃ ሲደርስ ያው ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎቹን እንደ ወትሮው በወረቀት አዞራቸው። ልጁም ከሰልፉ መካከል ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥራ ፈጠራን አያስተምሩም የሚለው የቆየ ወቀሳ ዛሬ አይሠራም። ያስተምራሉ። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ ሥራ ፈጠራ ከኮርሶቹ አንዱ ሆኖ ገብቷል። በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ማዕከል ሆኖ የተቋቋመውና ኋላ ኢንስቲትዩት የሆነው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ተቋም ኢምፕሬቴክ በተባለው ዘዴ ሲያሠለጥን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከዩኒቨርሲቲዎችም ጋር ይሠራል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠና ተጀመረ። እንግዲህ ሥልጠናው ሞልቷል። ለወሎ ልጅ የጎደለው ገዢ ነው። የመጀመሪያው ገዢ መሆን ያለበትም ያስተማረው ዩኒቨርሲቲ ራሱ ነው ባይ ነኝ።

ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ ሥራ ፈጠራን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማስተማር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው ይባላል፤ ማይልስ ሜስ የተባለ መምህር በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወጣቶች አዲስ ድርጅት ስለማቋቋም ኮርስ ከፈተ። ከጦርነት ለወጣ ሕዝብ የታሰበ ትምህርት መሆኑን እኛ ወሎዬዎች ልብ ልንለው ይገባል። የእኔን ነጥብ በደንብ የሚያሳየው ግን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጉግል ገና የሁለት ተማሪዎች ሙከራ ሳለ የሚሠራው በስታንፎርድ የኢንተርኔት አድራሻና በስታንፎርድ መስመር ላይ ነበር፤ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎቹም የግቢው ሰዎች ናቸው። መስመሩን እያጨናነቀም ቢሆን አላባረሩትም። ዩኒቨርሲቲው በፈጠራ መብቱ ምክንያት ያገኘውን አክሲዮን እ.ኤ.አ. በ2005 ሸጦ ሲጨርስ በእጁ የገባው ገንዘብ 336 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። የእኛ ልጅ ሚሊዮን አያመጣ ይሆናል፤ ቢያንስ ሰልፉን ያሳጥር ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ምን ያህል ትልቅ ገዢ እንደሆነ ግቢ ውስጥ የሚኖሩት ራሳቸው የሚረሱት ይመስለኛል። በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚያድርበት፣ የሚበላበትና የሚታከምበት ትንሽ ከተማ ነው። ወጥ ቤት አለው፤ የዱቄቱና የምስሩ ወጪ በመዝገብ ይሰፍራል። ክሊኒክ አለው፤ ካርድ ይጠፋል። መኝታ ክፍል አለው፤ የተሰበረ ቧንቧ ለፕሮክተር ተነግሮ ጠጋኝ እስኪመጣ ሳምንት ያልፋል። ንብረት ክፍሉ፣ ጋራዡ፣ ሬጅስትራሩ እያንዳንዳቸው ለአንድ ጀማሪ ድርጅት የዓመት እንጀራ የሚሆን ችግር አላቸው። ተማሪው ደግሞ ያንን ችግር አራት ዓመት ኖሮበታል። በገበያ ጥናት ኮርስ የማይገኝ እውቀት ይህ ነው።

ከግቢው አጥር ውጭስ? የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለበትን ኮምቦልቻን እንይ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉ በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ባቲ ሰኞ ገበያ የዋለ ሰው ሰው ግመል፣ ፍየልና ጨው በሦስትና በአራት ቋንቋ ሲገበያይ ያያል። የውድድር መድረኮቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ የተቀዳ የታክሲ ጥሪና የምግብ ማድረሻ መተግበሪያ ይቀርብባቸዋል። ደሴ ላይ ከፒያሳ ሸዋ በር ምሳ በሞተር የሚያስመጣው ሰው ማን እንደሆነ የጠየቀ ዳኛ አላጋጠመኝም።

«ይግዛ» ማለት በአፍ ይቀላል፤ የግዥ ሕግ አለ። አቅራቢ ሊሆን የመጣ ተመራቂ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የጨረታ ማስከበሪያና ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሥራ የሠራበትን ማስረጃ ይጠየቃል። የመጨረሻው በሩን ይዘጋዋል፤ መጀመሪያ ያልሠራ ሰው ከየት ያምጣ? በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ የፈቃዱ ነገር ከቀድሞው ቀሏል። ማስረጃው ላይ ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሊረዳ ይችላል። ብዙ ጥቃቅን ዕቃ ዛሬም በፕሮፎርማ፣ ማለትም ከጥቂት ነጋዴዎች ዋጋ ተጠይቆ፣ ይገዛል። አንድ የትምህርት ክፍል ብቻ የሚጠቀምበት፣ ለአንድ መንፈቀ ዓመት የሚሞከር፣ ሥራው ተረክቦ ሲረጋገጥ ብቻ የሚከፈልበት ትንሽ ውል በዚያው መንገድ ቢፈረም ልጁ የመጀመሪያ ማስረጃውን ያገኛል።

የውሉ ጥቅም በዚህ አያበቃም። ባንክ ቤት የሄደ ወጣት የሚጠየቀው የቤት ካርታ ነው፤ ያ ደግሞ የአባቱ ነው፣ አባቱም ቢኖራቸው። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ፣ ቁጥር 1147፣ ከብትና ሰብልን ብቻ ሳይሆን ወደፊት የሚሰበሰብ ክፍያንም በመያዣነት ማስያዝ ይፈቅዳል። ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋር የተፈረመ የመቶ ሺህ ብር ውል እንግዲህ መያዣ ነው። የመድረክ ሽልማት መያዣ አይሆንም። የአምስት ዓመት ትንበያውማ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የገጠሩ ወሎዬ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል፤ ጊደሩን ለጎረቤቱ በርቢ ሲሰጥ የሚጠይቀው ስለ ግጦሹና ስለ ሰውየው ነው፣ ትንበያ አይጠይቅም። ከተወለደው ይካፈላሉ። የአክሲዮን ድርሻ ምን እንደሆነ ለተማሪ ለማስረዳት የእንግሊዝኛ ስላይድ የሚያገላብጡ መምህራን በርቢ ቢጀምሩ በአምስት ደቂቃ ይጨርሱ ነበር።

ደሴ ላይ በመምህርነት የሚያገለግል ወዳጄ ሐሳቤን ሰምቶ ሁለት ነገር አነሣብኝ። የመጀመሪያው ዝምድና ነው፤ «የእገሌ ልጅ የሠራውን ግዙ» የሚል ስልክ ይመጣል። ይመጣል፤ አሁንም የሚመጣ ስልክ ነው። ውሎቹ ትንንሽ ከሆኑ፣ ዋጋቸውም በሰሌዳ ከተለጠፈ፣ ጉዳቱ ከትልልቁ ጨረታ ያነሰ ነው። ሁለተኛው ግን አስቸግሮኛል። «ልጁ ተመርቆ ሲሄድ ፕሮግራሙን ማን ይጠግነዋል?» አለኝ። እውነት ነው፤ ከሩቅ የተገዛውም ሲበላሽ ስልክ የሚያነሣ አይገኝም ብዬ ልመልስለት አሰብኩና ተውኩት፤ የአንዱ ጥፋት የሌላው ማስተባበያ አይሆንም። የፕሮግራሙ ኮድ ለዩኒቨርሲቲው እንዲተላለፍ፣ ከኮምፒውተር ክፍሉ አንድ ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ እንዲቀመጥ በውሉ ካልተጻፈ ወዳጄ ልክ ነው።

የወሎን ሁኔታ ሳያነሡ ማለፍም አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያጥለቀልቅ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተሮችና ቤተ ሙከራዎች ተዘርፈዋል፤ የወልድያውም እንዲሁ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በዚህ ምድር የሚያድግ የቴክኖሎጂ ድርጅት መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። እኛ ዳኞች ያንን ጥያቄ በዚያ ቀን ለአንዱም ተወዳዳሪ አላነሣንም። ለውድድር የሚመጣው ሥልጠናም ብዙ ጊዜ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጊዜ የለውም።

ይህን ከመጻፌ በፊት የክሊራንሱን ልጅ ደውዬ ፈቃዱን ጠየቅሁት። ኮምቦልቻ ነው ያለው። ለአንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ሐጂ የመጋዘን መዝገብ ሠርቶላቸው በየወሩ ይከፍሉታል። «ሐጂ ምን ብለው ተቀበሉህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ስለ ምስክር ወረቀቱ አልጠየቁኝም» አለ። «ገና ላፕቶፑን ሳልከፍት ‘ልጄ፣ መብራት ሲሄድ ይሠራል?’ አሉኝ። አይሠራም ነበር። ‘አብሽር፣ ስታስተካክለው ና’ ብለው ሻይ አዘዙልኝ። ሦስት ወር ፈጀብኝ።»