አሚታብ ባቻን፦ ቁጡው ወጣት ወይስ ሽበታሙ?

የክርክሩ ጭብጥ ስለ ሕንዳዊው የፊልም ተዋናይ ነው፦ «አሚታብ ባቻንን ታላቅ ተዋናይ ያደረገው ከ2000 ወዲህ የሠራው ሥራ ነው።» የሳሪሷ ልጅ ትደግፋለች፤ የፒያሳው አዛውንት ይቃወማሉ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሳሪሷ ልጅ

ታላላቆቻችን ስለ አሚታብ ሲያወሩ 1975 ላይ ይቆማሉ። በዚያ ዓመት «ዲዋር» እና «ሾሌ» የተባሉት ፊልሞቹ ወጡ፤ ለእነሱ ታሪኩ እዚያው ያልቃል። ለእኔ ግን የሚጀምረው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው።

ወደቀ የምለው ዝም ብዬ አይደለም። በ1984 ከአላሃባድ ተወዳድሮ ፓርላማ ገባ። ስሙ ከቦፎርስ የመድፍ ግዢ ቅሌት ጋር ሲነሳ በ1987 ለቆ ወጣ። እጁ እንደሌለበት አንድ የቀድሞ የስዊድን ፖሊስ ኃላፊ የመሰከረለት በ2012 ነው። እስከዚያ ድረስ ስሙን ይዞ ኖረ። በመሃሉ ያቋቋመው የፊልም ኩባንያ ከሰረ። ዕዳው ወደ 900 ሚሊዮን ሩፒ ደረሰ። አበዳሪዎች በሩ ላይ ይመጡ እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

ታዲያ ምን አደረገ? የፊልም ዳይሬክተሩ ያሽ ቾፕራ ቤት ሄዶ ሥራ ስጠኝ አለ። ያን ሁሉ ዝና የለመደ ሰው! «ሞሃባቴን» በተባለው ፊልም ላይ አፍቃሪ ሳይሆን ፍቅርን የሚከለክል ርዕሰ መምህር ሆኖ ተጫወተ። በዚያው በ2000 «ካውን ባኔጋ ክሮርፓቲ» የተባለው የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር አቅራቢ ሆነ። ያኔ ለትልቅ የፊልም ተዋናይ ቴሌቪዥን እንደ ዝቅታ ነበር የሚታየው። ከዚያ «ብላክ»፣ «ፓ» እና «ፒኩ» የተባሉት ፊልሞች መጡ። በምርጥ ተዋናይነት ካገኛቸው አራት ብሔራዊ ሽልማቶች ሦስቱ የእነዚህ ናቸው።

በ1970ዎቹ ፊልሞቹ ታዋቂ ያደረገው ገጸ ባሕርይ፣ ቁጡው ወጣት፣ ግን የፊልም ጸሐፊዎቹ የሳሊም ካንና የጃቬድ አክታር ብዕር ነው። ገጸ ባሕርይውን ጽፈው ጨርሰውት ነበር። ማንም ቢጫወተው ይሠራ ነበር።

የፒያሳው አዛውንት

ማንም?

ልጄ፣ ይህን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። የ«ዛንጂር» ፊልምን ጽሑፍ ተዋናዩ ዳርሜንድራ አልሠራውም አለ። ሌሎቹ ተዋናዮች ዴቭ አናንድም ራጅ ኩማርም አልፈለጉትም። ያኔ አሚታብ ፊልም በፊልም ላይ የከሰረበት፣ ቀጭንና ረጅም፣ ዕድለ ቢስ የሚባል ልጅ ነበር። በ1973 እሱ ሲይዘው ነው ጽሑፉ ነፍስ የዘራው። በዚያ ፊልም ጀግናው አንድም ዘፈን አይዘፍንም። በሂንዲ ፊልም! ተዋናዩ ፕራን ሊቀመጥ ሲል አሚታብ ወንበሩን በርግጫ ብሎ «ይህ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ የአባትህ ቤት አይደለም» ይለዋል። ንግግሩን የጻፉት እነ ሳሊም ናቸው፤ እሺ። ዓይኑንስ ማን ጻፈው?

ጊዜውንም ተመልከቺ። የተማረ ወጣት ሥራ የለውም። በ1974 የባቡር ሠራተኞች አድማ ሕንድን አናውጧታል። በ1975 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያ ሁሉ የታፈነ ብስጭት ፊት ፈልጎ አሚታብን አገኘ። አዲስ አበባ ላይ ሂንዲ ሳንሰማ ቁጣው የገባን ለዚህ ነው። አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

ጁላይ 26 ቀን 1982 ባንጋሎር ላይ «ኩሊ» የተባለውን ፊልም ሲቀርጹ በድብድብ ትዕይንት ሆዱ ክፉኛ ተጎዳ። ሊሞት ነው ተባለ። ሰው ሆስፒታሉ ደጅ ላይ አደረ። በየቤተ መቅደሱ ተጸለየለት፤ ደም ለመስጠት ተሰለፉለት። ሲድን ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይ የፊልሙን መጨረሻ ቀየረው። በጽሑፉ ሟች የነበረው ጀግና በሕይወት ቀረ። ሕዝብ ለማንም እንዲህ አይሆንም።

የሳሪሷ ልጅ

ጋሼ፣ ቃሉ አበሳጭቶዎታል። ግን አሚታብን «ቦምቤ ቱ ጎዋ» በተባለው ፊልም ላይ አይተው ለ«ዛንጂር» ዳይሬክተር ለፕራካሽ ሜህራ የጠቆሙት ሳሊምና ጃቬድ ራሳቸው ናቸው። ተዋናዩን የመረጠው ብዕሩ ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ከ«ዲዋር» ሰው በቃሉ የሚይዘው የትኛውን ንግግር ነው? «እናቴ አለችኝ» የሚለውን። ያንን የተናገረው ወንድሙን የሚጫወተው ሻሺ ካፑር ነው። ከ«ሾሌ»ስ? የአምጃድ ካንን፣ የሽፍታውን የጋባር ሲንግን። በ«ሾሌ» ጃያ ባዱሪ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ፊልሙ አብዛኛውን እሷ ዝም ብላ ፋኖስ ስታበራ ያልቃል። ያ ሁሉ ቁጣ ለሴቶቹ ምን ሰጣቸው? እርስዎ የሚናፍቁት ዘመን ይህ ነው።

አሁን «ፒኩ»ን ይዩት። ልጁ እንድታገባ የማይፈልግ፣ ስለ ሆድ ድርቀቱ ሌት ተቀን የሚያወራ፣ ራሱን ብቻ የሚያዳምጥ አባት ነው። ተመልካች እንዲወደው አይለማመጥም። ልጁን የምትጫወተው ዲፒካ ፓዱኮኔም እንደ ልብ ትመልስለታለች። «ፓ» ላይ ደግሞ በ67 ዓመቱ ያለ ዕድሜው የሚያስረጅ በሽታ የያዘውን የ12 ዓመት ልጅ ሆነ። አባቱን የሚጫወተው የገዛ ልጁ አቢሼክ ነው። ከቁጡዎቹ ጀግኖች የትኛው ይህን ይደፍራል?

የፒያሳው አዛውንት

መልሴን አንቺው ጻፍሽልኝ። እነ ሳሊም ብዙ ሰው ያውቁ ነበር። እሱን የመረጡት ማንም ሊሆን ስላልቻለ ነው። ማንም ቢበቃቸው ኖሮ ያን ያህል ይፈልጉ ነበር?

የሻሺ ካፑርን ንግግርም አለቦታው አነሳሽው። አሚታብ አስቀድሞ ይዘረዝራል። ሕንጻ አለኝ፣ ንብረት አለኝ፣ የባንክ ገንዘብ አለኝ፣ ቪላ አለኝ፣ መኪና አለኝ፤ አንተስ ምን አለህ? ይላል። ሻሺ የሚመልሰው ለዚህ ነው። ጥያቄው እንደዚያ ካልተጠየቀ መልሱ ምን ክብደት አለው? ትዕቢቱ ውስጥ ልመና አለ። ወንድሙ እንዲያደንቀው ይለምነዋል። ያንን በወረቀት ላይ አታገኚውም።

ሽልማት ከቆጠርሽ አራተኛውንም ቁጠሪው። የመጀመሪያው ብሔራዊ ሽልማቱ በ1990 የወጣው «አግኒፓት» ነው። እዚያም ጀግናው ቁጡ ነው። ርዕሱ የአባቱ የሃሪቫንሽ ራይ ባቻን ግጥም ነው። ይህን ዘለልሽው።

አሁን ደግሞ የሚያመኝን ልናገር። «ዲዋር» ውስጥ ጫማ የሚያሳምረው ልጅ የወረወሩለትን ሳንቲም አላነሳም ይላል። ካደገም በኋላ «ዛሬም የተወረወረ ገንዘብ አላነሳም» ይላል። ያ ንግግር ብዙ ድሃ ልጅ ቀና ብሎ እንዲሄድ አድርጎታል። የአንቺው ሽበታም ደግሞ በ2021 ፓን ማሳላ የሚባል የሚታኘክ ሱስ አስያዥ ነገር የሚሸጥ ኩባንያ ማስታወቂያ ላይ ወጣ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ከወጣቱ ያስበለጥሽው?

የሳሪሷ ልጅ

ስለ ትወና ጀመርን፤ እርስዎ ማስታወቂያ አመጡ። እሺ፣ እመልሳለሁ።

ውሉን ማቋረጡን በዚያው ዓመት በልደቱ ቀን አስታውቋል። የተከፈለውንም መልሷል። ማስታወቂያ ካነሱ ደግሞ ሁሉንም ያንሱ። ሕንድ ውስጥ በየመንደሩ «ሁለት ጠብታ ሕይወት» እያለ ወላጆች ልጆቻቸውን ለፖሊዮ እንዲያስከትቡ የለመነው ማን ነው? እንዲያውም ይቆጣቸው ነበር። ሕንድ በ2014 ከፖሊዮ ነጻ ተባለች። ብዙ ሰው ሠርቶበታል፤ የእሱ ድምፅም አለበት።

ያ የተሰለፉለት ደም ምን እንዳመጣበትም ይጨምሩ። ከለጋሾቹ በአንዱ ደም ሄፓታይተስ ቢ ገባበት። ይህን ያወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሦስት አራተኛው ጉበቱ መጎዳቱን በአደባባይ ተናግሯል። በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት የሄፓታይተስ አምባሳደር ሆነ። ሌላው ተዋናይ የሚደብቀውን በሽታ ተናግሮ ሰው እንዲመረመር አደረገ። የእርስዎ ቁጡ ወጣት ይህን ማድረግ አይችልም፤ እሱ አይታመምም።

የ«ክሮርፓቲ»ንም ወንበር ይዩ። ከትንሽ ከተማ የመጣ ጸሐፊ ወይም አስተማሪ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። አሚታብ ተጎንብሶ እጅ ይነሳዋል። እንግዳው ካለቀሰ መሐረብ ያቀርብለታል። ሕዝብን መውደድ ለእኔ ይህ ነው።

የፒያሳው አዛውንት

ደግ ሰው ነው አልሽኝ። ማን ካደ? ጭብጡ ግን ታላቅ ተዋናይ ይል ነበር። አሁን የምንከራከረው ስለ ደግ ሽማግሌ ሆነ። እኔ የሃምሳ ዓመት ፍቅሬን ይዤ ነው የመጣሁት፤ እንደ ጨቅላ እንድትመክሪኝ አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በ2024 የወጣውን «ካልኪ» የተባለ ፊልም አይተሽዋል። የሕንድ አፈ ታሪክ ተዋጊውን አሽዋታማን ሆኖ ይታገላል፤ ይቆጣል፤ ያስፈራል። ሕዝቡ አዳራሽ ውስጥ ያፏጨው ለማን ነው? ለ1973ቱ ልጅ ነው። ገንዘብሽን የከፈልሽው ለእኔ አሚታብ ነው።

የሳሪሷ ልጅ

ያኔ 81 ዓመቱ ነበር ጋሼ። እዚያ ፊልም ላይ አሽዋታማን በወጣትነቱ ማሳየት ሲፈልጉ ፊቱን በኮምፒውተር ሠሩት። ለሽማግሌው ግን ራሱን መጥራት ነበረባቸው።

ደግሞ አልመከርኩዎትም። እኔ እርስዎን ለመንካት አልጻፍኩም። ግን ሲያከብሩት የሚኖሩትን ሰው ግማሽ ዕድሜውን ሲጥሉበት ዝም ማለት አልችልም።

የፒያሳው አዛውንት

በኮምፒውተር ሲሠሩት የማንን ፊት ፈለጉ? የዚያኑ ልጅ። የሌላ የማንንም ፊት አልፈለጉም።

«ማንም ቢጫወተው ይሠራ ነበር» ያልሽው አሁንም እንደተጻፈ ነው። ሳትሰርዢው ሌላ አልጽፍልሽም።