ተበላሽቷል ብትሉን ምን ነበረበት?

ይሄን የምጽፈው ያገለገለ ዕቃ እየሸጣችሁ ለምትኖሩ የደሴና የኮምቦልቻ ወንድሞቼ ነው። ሆዴ አሯል። አሮጌ አትሽጡ አላልኩም። የተሰበረም ሽጡ። እዚህ ወሎ ውስጥ አዲስ ቼንሶ (የሞተር መጋዝ) የመግዛት አቅም ያለው ስንቱ ነው? ተጎድቶም ቢሆን ገዝተን፣ አስጠግነን፣ ባሕር ዛፋችንን ቆርጠን እንኖራለን። ብቻ ጉዳቱን ንገሩን። ይህን ያህል ነው የምንለምናችሁ።

የገዛሁት የሞተር መጋዝ ላዩን ሲያዩት ያምራል። ታጥቧል፣ ቀለም ተቀብቷል። ሻጩ "አብሽር ወንድሜ፣ ወላሂ እንደ አዲስ ነው፣ ሰንሰለቱን ብቻ ሞረድ አስነካው" አለኝ። ገመዱን ሲስበው ወዲያው ተነሳ። ጭሱ በዛ ስለው "ቆሞ ከርሞ ነው" አለ። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫ ሳጥኑን) ፈትተን ፒስተኑን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰውን) እንየው ብዬ ለመንኩት። ሁለት ብሎን ነው፣ ጊዜ አይፈጅም። በጭስ መውጫው በኩል የፒስተኑ ጎን ቁልጭ ብሎ ይታያል። "ካልገዛህ አይፈታም" አለኝ። ሌላ ገዢ ደግሞ አጠገቤ ቆሞ ብር ይቆጥራል።

ቦሩ ሜዳ ወስጄ ሥራ ስጀምር ገና ሁለተኛው ግንድ ላይ ጠፋ። ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ሲሞቅ ይሞታል። ሲፈታ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል። የፒስተኑ ቀለበትም ቦታው ላይ ደርቆ ተጣብቋል። ያ ሁሉ ጭስ ከየት እንደመጣ የነገረኝ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ መካኒክ ነው። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ያወጡና በቀዳዳው ዘይት ጠብ ያደርጉበታል። ዘይቱ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍነዋል፣ እመቃው (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት) ከፍ ይላል። ለሽያጭ የሚበቃ ያህል ይነሳል። ይሄ ማሽን የማያውቅ ሰው ሥራ አይደለም። አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው።

ይሄ ሞተር እንደ መኪና የራሱ የዘይት ቋት የለውም። ዘይት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ጥሩ የቱ ስትሮክ ዘይት፣ ማለትም 50 ለ1። ይሄን ዘንግቶ ባዶ ቤንዚን የሞላበት ሰው ማሽኑን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ቤንዚኑን ራሱ መንገድ ዳር በሃይላንድ ነው የምንገዛው። ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል?

የአገራችን ዳገትና ቁልቁለትም አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ደሴ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ቤንዚን እንዲቀንስ አድርገው ያስተካክሉታል። ያው ማሽን ባቲ ወይም ሐርቡ ወርዶ ሳይነካ ከሠራ ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን አነሰው ማለት ዘይትም አነሰው ማለት ነው። ይግላል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል። የካርቡሬተሩን ቪቴ (ብሎኗን) ትንሽ መለስ ማድረግ ብቻ ነበር። ስንት ማሽን በዚህ ምክንያት አልቆ ይሆን?

ጥገናው ደግሞ ሌላ መከራ ነው። አንዱ ጋራዥ "ቶርኖ ቤት ወስደን ሲሊንደሩን እናስፋው" አለኝ። ኧረ ተዉ! የአብዛኛው ቼንሶ ሲሊንደር አልሙኒየም ነው፣ ውስጡ በስሱ በጠንካራ ልባጥ የተሸፈነ። ልባጡ ከተፋቀ ሲሊንደሩ አለቀለት። ሌላው "ፒስተን ቀይረን እንሞክረው" አለ። የቀድሞው ለምን ተቃጠለ ብሎ የጠየቀ የለም። የሞተሩ ዘንግ ማሸጊያ ጎማ አየር የሚያስገባ ከሆነ አዲሱም ፒስተን ያንኑ መንገድ ይሄዳል። የሚከፍለው ግን እኔ ነኝ።

መለዋወጫ ቤት ስሄድ "ይሄ ለሁሉም ይሆናል" ይሉኛል። አይሆንም! የእኔ ፒስተን ስፋቱ 52 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚያወጡልኝ 50። በካሊፐር ለክቼ አሳየሁት። "ሁለት ሚሊ ምን ያደርጋል?" አለኝ። ሁለት ሚሊ ሁሉን ነገር ያደርጋል! እመቃው እኮ በዚያች ክፍተት ነው የሚወጣው። ሰንሰለቱንም በዓይናቸው ገምተው ነው የሚሸጡት።

የእጅ መከላከያው ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከፊት እጀታው ቀድሞ ያለው፣ የሰንሰለቱ ፍሬን ማለቴ ነው፣ ተሰብሮ ወጥቷል። እሱን እንኳ አይቼ ነው የገዛሁት። የሚታይ ጉዳት ነው፣ አስገጥመዋለሁ ብዬ ዋጋ አስቀንሼበታለሁ። ሻጩ ግን "ምን ያደርግልሃል፣ ያለሱም ይሠራል" አለኝ። ስንቱን ገዢ እንዲህ ብሎ ሸኝቶት ይሆን? የመጋዙ ጫፍ እንጨት ሲነካ ማሽኑ ወደ ፊትህ ይወረወራል። ያኔ ሰንሰለቱን በቅጽበት የሚያቆመው ይሄ ፍሬን ነው። ጦሳ ዳገት ላይ አንድ እግሩን ድንጋይ አስረግጦ የሚቆርጥ ሰው አለ እኮ! ልጆች አሉት፣ እናት አለችው።

ባሕር ዛፌን ለቋሚና ለማገር ሊወስድ የተስማማው ነጋዴ ጠብቆ ጠብቆ ከሌላ ሰው ገዛ። የቀረውን በመጥረቢያ እያስቆረጥኩ ነው። የቀን ሠራተኛው ላብ ሲንጠባጠብ ሳይ እንደገና እናደዳለሁ። ሻጩ "ፒስተኑ ተበልቷል፣ በዚህ ዋጋ ውሰደው" ቢለኝ ኖሮ ያን ቀን ገዝቼው፣ መለዋወጫውን አስቀድሜ ፈልጌ፣ ይሄኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እሱም ይሸጥ ነበር፣ እኔም እመርቀው ነበር።

አሁን ማሽኑ ተበታትኖ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። 52 ሚሊ ሲሊንደር ከነፒስተኑ ያላችሁ፣ ደሴም ሁኑ ወልድያ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ያገለገለ ቢሆንም እገዛለሁ። ፎቶውን ስትልኩ የውስጡን አንሱልኝ፣ የተጫረ ካለም እንዳለ ይታይ።