አሥራቱ ቃል በቃል፣ ሥጋና ደሙ በምሳሌ

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ትልቅ የወንጌላውያን አጥቢያ ለቤት ኅብረት መሪዎች ከሚሰጠው የቅዳሜ ሥልጠና የመጽሐፍ ቅዱስ ሥነ አፈታትን፣ ማለትም ቃሉ እንዴት እንደሚተረጎም የሚያስተምረውን ትምህርት፣ ሰርዟል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሰዓት ጠቧቸው ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ውሳኔውን ያስታወቁት አገልጋይ ግን ምክንያታቸውን ከመድረክ ተናገሩ፤ ንግግሩም በቴሌግራም ሲዘዋወር ሰነበተ። «ቃሉ ግልጽ ነው፤ መፍታት አያስፈልገውም። ምሳሌያዊ ትርጓሜ ከነጮቹ ሴሚናሪ የመጣ የክህደት በር ነው።» አዳራሹም በአሜን ተናጋ።

«ከነጮቹ» የምትለዋን እናስቀድም። እኚህ አገልጋይ በገዛ ከተማቸው በቅዱስ ገብርኤል ደጃፍ አልፈው አያውቁም? የአብነት ተማሪ ከንባብ ቤት ተነሥቶ፣ ዜማውንና ቅኔውን ዘልቆ መጻሕፍት ቤት ሲገባ መምህሩ መጀመሪያ ግእዙን በቁሙ ይፈታለታል፤ ከዚያ «አንድም» እያለ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ያመጣለታል። በቁሙ የተፈታውን አይጥለውም፤ በላዩ ይጨምርበታል። «ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል» የተባለው ጀርመን አገር አይደለም። ጳውሎስስ በገላትያ 4 የአጋርንና የሣራን ታሪክ አንሥቶ ነገሩ ምሳሌ ነው፣ ሁለቱ ሴቶች ሁለት ኪዳኖች ናቸው ሲል የየትኛው ሴሚናሪ ምሩቅ ነበር? የዮሐንስን ወንጌል እንኳ ያየ ሰው ጌታን ቃል በቃል የሚሰሙት ሁልጊዜ የሚስቱት መሆናቸውን ሳያስተውል አይቀርም። ኒቆዲሞስ ሽማግሌ ሰው ወደ እናቱ ማኅፀን እንዴት ይመለሳል ብሎ ይጨነቃል። ሳምራዊቷ ውኃ መቅዳት የሚቀርላት ይመስላታል። አይሁድ መቅደሱ 46 ዓመት እንደፈጀ ያስረዱታል፤ እርሱ የሚናገረው ስለ ሰውነቱ ነው።

ግልጽ ነው የተባለውን ደግሞ በጌታ እራት እንፈትነው። «ይህ ሥጋዬ ነው» ከሚለው የበለጠ አጭርና ግልጽ አነጋገር በወንጌል ይገኛል? ኦርቶዶክሱ እንዳለ ተቀብሎታል። ሉተርም እ.ኤ.አ. በ1529 ጀርመን አገር ማርቡርግ ላይ ቃሉን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጽፎ ከስዊሱ ተሐድሶ መሪ ከዝዊንግሊ ጋር ሲከራከር ንቅንቅ አላለም፤ ከ15 ነጥቦች በ14ቱ ተስማምተው በዚህ በአንዱ ተለያዩ። የእኛ «ቃል በቃል» ባዮች እዚህ ጋ ሲደርሱ ግን መታሰቢያ ነው፣ ምሳሌ ነው ይላሉ። ይበሉ፤ ዝዊንግሊም ያለው ይህንኑ ነው። ያለው ግን ፈትቶ ነው።

አሥራት ላይ ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። «ካልተጣራ ደመወዝህ፣ ግብር ሳይቆረጥ፣ 10 ከመቶ፤ ቃሉ ነው የሚለው» ይባላል። የት ነው የሚለው? እስቲ በእውነት ቃል በቃል እንክፈል። ዘሌዋውያን 27 የሚያነሣው የምድርን ዘር፣ የዛፍን ፍሬ፣ የከብትንና የበግን መንጋ ነው። ደመወዝ የለበትም። ዓሣም የለበትም፤ ስለዚህ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የአሞራ ገደል አስጋሪ ነፃ ነው፣ የባጃጅ ሹፌሩም እንዲሁ። ሸክሙ በሙሉ ገጠር ባለው በእንሰትና በበቆሎ ገበሬው ላይ ይወድቃል። ከብቱ የሚቆጠረው ከበትሩ በታች ሲያልፍ ነው፤ ዐሥረኛው ይወሰዳል፣ ይክሳ ይወፍር ምርጫ የለም። ዘጠኝ ላሞች ያሉት ሰው ምንም የለበትም፣ ዐሥራ ዘጠኝ ያሉት አንድ ይሰጣል። በእህሉ ፋንታ ገንዘብ ልስጥ የሚል ደግሞ በዋጋው ላይ አንድ አምስተኛ ይጨምራል፤ የ10 ኩንታል አሥራት በብር ሲከፈል የ12 ኩንታል ዋጋ ይሆናል ማለት ነው። (ይህችን እንኳ ባናስታውሳቸው ይሻል ነበር።)

ገና አላለቀም። ዘኍልቍ 18 አሥራቱን ለመቅደሱ አገልጋይ ለሌዋዊው ይሰጣል፤ ርስት የለውምና። ሌዋዊውም ከተቀበለው ላይ ዐሥረኛውን ለካህኑ ያወጣል። ዘዳግም 14 ግን አሥራትህን እግዚአብሔር ወደመረጠው ስፍራ ወስደህ ራስህ ከቤተሰብህ ጋር ብላው ይላል፤ በየሦስተኛው ዓመት ደግሞ በከተማህ ደጅ አኑረው፣ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ ይብሉት ይላል። ሁለቱ ክፍሎች በቁማቸው አይገጥሙም። የአይሁድ መምህራን ያስታረቋቸው ፊተኛና ሁለተኛ አሥራት ብለው በመለየት ነው። የካህኑን ድርሻ ትተን ብናሰላው፣ 100 ኩንታል ያመረተ ሰው 10ሩን ለሌዋዊው ይሰጣል። ከቀሪው 90 ላይ 9ኙን በመጀመሪያው፣ በሁለተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ኢየሩሳሌም ወጥቶ ይበላዋል፤ በሦስተኛውና በስድስተኛው ለድሀ ይሰጠዋል፤ በሰባተኛው ምድሪቱ ስለምታርፍ ምንም አይወጣም። ይህ ስሌት ተሟልቶ የተጻፈበት አንድ ምዕራፍ የለም። ሰዎች ቁጭ ብለው ክፍሉን ከክፍል እያስተያዩ የደረሱበት ነው።

እንግዲህ ሌዋዊውን መጋቢ፣ ጎተራውን የባንክ ሒሳብ፣ በቆሎውን ደመወዝ ያደረገው ማን ነው? ሙሴ አይደለም። ያንን ዘመን ወደዚህ ማሻገሩ በራሱ ነውር የለበትም፤ መንገድ ግን አለው። የተሰረዘው ትምህርት የሚያሳየውም ይህንኑ መንገድ ነበር፤ ክፍሉ ሕግ ነው፣ ግጥም ነው፣ ታሪክ ነው ወይስ ደብዳቤ ብሎ መለየት፣ ለማን እንደተነገረ ማየት፣ ፊትና ኋላውን ማንበብ፣ ሌላው መጽሐፍ ስለዚያው ጉዳይ ያለውን ማስተያየት፣ ለዛሬ ምን ይላል የሚለውን በመጨረሻ መናገር። እነርሱ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ዘለው፣ መዝለላቸውንም ደብቀው «ቃሉ ነው» ይሉናል። አንድ ቅጠል ገልጦ ዘዳግም 15 ላይ በየሰባት ዓመቱ ዕዳ ይሰረዝ የሚለውን ቃል በቃል የሰበከ ግን አልተሰማም።

ደግሞ ምሳሌን እንዲህ የሚጠሉት ሰዎች እሑድ መድረክ ላይ ከምሳሌ ሌላ ስንቅ የላቸውም። የኢያሪኮ ቅጥር የተከለከለ ቪዛ ይሆናል፣ ጎልያድ ደግሞ ክፉ የመሥሪያ ቤት አለቃ። ታሪኩን ምሳሌ ያደርጉታል፣ ግጥሙን ፊርማ ያረፈበት ውል። መዝሙር 91ን በቁሙ ወስዶ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ያለው ማን እንደሆነ ማቴዎስ 4 ላይ ተጽፏል።

ስሕተቱ ወደ ሰው ሳንባ ሲደርስ ደግሞ አያስቅም። ኢሳይያስ 53 ላይ «በእርሱም ቁስል እኛ ተፈወስን» ተብሏል ብሎ መድኃኒት የሚያቆም ሰው አለ። የሳንባ ነቀርሳ መደበኛ ሕክምና 6 ወር ነው፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ይቀንሳል፣ ምግብ ይበላል፣ ኪሎ ይጨምራል፤ ታማሚው ለምስክርነት መድረክ ላይ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ክኒኑን ካቋረጠ የተረፈው ተህዋሲ ይመለሳል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል፤ ቤት ውስጥ ያሉት ልጆችም አብረው ሊያዙ ይችላሉ። ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ 2፥24 ይህን ቃል የሚጠቅሰው ስለ ኃጢአት ሲናገር ነው። ማቴዎስ 8 ከዚያው ከኢሳይያስ 53 ሌላውን ቁጥር አንሥቶ ለሕሙማን ፈውስ ይጠቅሳል። ሁለቱም ክኒንህን ጣል አላሉም። ሁለቱን እንኳ ሳያስተያዩ «ግልጽ ነው» ማለት ድፍረት ነው እንጂ እምነት አይደለም።

አዎ፣ ምሳሌ ልጓም ካጣ ይጋልባል። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ በደጉ ሳምራዊ ታሪክ የእንግዶች ማደሪያውን ቤተ ክርስቲያን፣ የማደሪያውን ጠባቂ ጳውሎስ አድርጎታል፤ ይህ ይበዛል። ልጓሙ ግን ያው የሰረዙት ትምህርት ነው።

ውሳኔው የማይመለስ ከሆነ አንድ ነገር ይደረግልን። በሚቀጥለው እሑድ አሥራት ሲሰበሰብ ዘዳግም 14ን ከቁጥር 22 ጀምረው ሳይቆርጡ ያንብቡት። ቁጥር 26 ላይ፣ መንገድ የራቀበት ሰው አሥራቱን ሸጦ በያዘው ብር ነፍሱ የወደደችውን፣ በሬም ይሁን በግ፣ የወይን ጠጅም ይሁን ብርቱ መጠጥ ገዝቶ ከቤተሰቡ ጋር በአምላኩ ፊት ይብላ፣ ደስም ይበለው ይላል። ከመድረኩ «ይህማ ለዚያ ዘመን ነው» የሚል ድምፅ ከተሰማ ሥነ አፈታት ተመልሷል ማለት ነው፤ ቅዳሜን መጠበቅ አያስፈልግም።