«ስሙን በእንግሊዝኛ ይላኩት»

ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ሪኩዌስት (ለሌላ ሲስተም የሚላክ ጥያቄ) ለመላክ ስታገል ከረምኩ፣ መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ 400፣ ባድ ሪኩዌስት፣ የላክኸው ተበላሽቷል ማለት ነው። ምኑ ነው ባድ? አይናገርም። ባድ ነው፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንዲት የልብስ ሱቅ ዌብሳይት እየሰራሁ ክፍያ ማገናኘት ነበረብኝ። የክፍያ ድርጅቱን ስም ተዉት። ኤፒአዩ (ዌብሳይቱ ከእነሱ ሲስተም ጋር የሚነጋገርበት በር) የሚፈልገው ጄሰን ነው፣ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ፤ የደንበኛ ስም፣ የብሩ መጠን፣ መጨረሻ ላይ የገንዘቡ ዓይነት። ሦስት ነገር! የኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው) ናሙና ኮዱን ከራሳቸው ዶክመንቴሽን ላይ ኮፒ አደረግኩ፣ በላቲን ፊደል «ቴስት» ብዬ ሞከርኩ፣ ሰራ። ባለሱቋ ጋ ደውዬ «ጨርሻለሁ» አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው።

በማግስቱ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ስሟን በአማርኛ ጻፈች። አልማዝ። 400።

ከዚያ በኋላ ያልነካካሁት ነገር የለም። ኮንተንት ታይፑን (የተላከው ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገረውን መስመር) አየሁ፣ አፕሊኬሽን ጄሰን ይላል፣ ልክ ነው። ትርፍ ኮማ ፈለግኩ፣ የለም። ቁልፉን ቀየርኩ፣ ወፍ የለም። የሚያናድደው ግን ያንኑ ጄሰን በፖስትማን (ሪኩዌስት መሞከሪያ ፕሮግራም ነው) ስልከው ያልፋል! በሌላው መላኪያ በከርልም ያልፋል! ከእኔ ኮድ ሲወጣ ብቻ ይሞታል። በፓይተን የሚሰራ ጓደኛዬን ብጠይቀው «እኔ ጋ በአማርኛም ይሰራል፣ ችግሩ አንተ ጋ ነው» ብሎኝ ቁጭ። ለሰፖርታቸው ጻፍኩ። በማግስቱ መልስ መጣ፦ «ስሙን በእንግሊዝኛ ይላኩት።»

ደሜ የፈላው እዚህ ጋ ነው። በብር የሚያስከፍል፣ ለሀገር ቤት ሰው የተሰራ ሲስተም አልማዝን በአማርኛ አልቀበልም ይላል? ጄሰን እኮ ምንም አላለም! እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው መስፈርት ራሱ፣ አርኤፍሲ 8259፣ በሲስተሞች መካከል የሚላከው ጄሰን ዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት፣ በኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ፣ የመጻፊያ ዘዴ) ይሁን ነው የሚለው፤ ዩቲኤፍ-8 ደግሞ ከሀ እስከ ፐ ሁሉንም ይይዛል።

ማታ ተስፋ ስቆርጥ እዚሁ ላፕቶፔ ላይ ትንሽ ሰርቨር አስነሳሁና ሪኩዌስቱን ለራሴው ላክሁት። የደረሰኝ ጽሑፍ ጫፉ ተቆርጧል። «ከረንሲ» (የገንዘቡ ዓይነት) የሚለው ቃል ላይ ቀጥ ብሏል። የቃሉ መዝጊያ ጥቅስ የለም፣ ኢቲቢ (የብር መለያ) የለም፣ መጨረሻው ቅንፍ የለም። የጎደለውን በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩት። 8 ባይት።

አልማዝ 4 ፊደል ናት። በዩቲኤፍ-8 ግን አንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ 12 ባይት ሆነች። 12 ሲቀነስ 4፣ 8! ያ የተባረከ ናሙና ኮድ ኮንተንት ሌንግዝ የሚባለውን ሄደር (ስንት ባይት እንደተላከ ለሰርቨሩ የሚናገረውን መስመር) የሚሞላው የጽሑፉን «ሌንግዝ»፣ ማለትም ርዝመት፣ ጠይቆ ነው፤ እሱ ደግሞ ለአልማዝ 4 ነው የሚለው፣ ባይት አይቆጥርም። ሰርቨሩ ምን ያድርግ፣ የተነገረውን ያህል አንብቦ ያቆማል፣ የቀረው ግማሽ ጄሰን ደግሞ ጄሰን አይደለም። በእንግሊዝኛ ስም አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ማንም ሳያውቅ ይኖራል። ፖስትማንና ከርል ርዝመቱን ራሳቸው በባይት ይለካሉ። የዚያ ጓደኛዬ ፓይተን ደግሞ ካልከለከሉት በቀር እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል ስድስት ተራ የአስኪ (እንደ እንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ያለ) ምልክት አድርጎ ስለሚጽፈው፣ እሱ ጋ ፊደልና ባይት ቁጥራቸው እኩል ነው። ለካ እሱም ያለፈለት አውቆ አይደለም!

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፤ ርዝመቱን ባይት በሚቆጥረው የኖድ ትእዛዝ፣ በባፈር ባይት ሌንግዝ፣ ማስቆጠር። እንዲያውም ያንን ሄደር ጭራሽ ባልጽፈው ኖድ ራሱ ይወጣው ነበር።

ለሰፖርቶቹ ምክንያቱን ከነማስተካከያው አብራርቼ ላክሁላቸው። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብለው ቲኬቱን ዘጉት። ዛሬ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ዶክመንቴሽኑን ከፈትኩት። ያቺ የተሳሳተች መስመር እዚያው ናት።