ማስተካከያ፦ የጎማ ንፋስ መብራት አልጠፋ ሲል
የጎማ ንፋስ ሲያንስ ዳሽቦርድ ላይ ስለሚበራው መብራት ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞር ምክር አለ። «መብራቱ አልጠፋ ካለ ጎማው ጎን ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ድረስ አስሞሉ» ይላል። ስህተት ነው። እሱ ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛው መጠን ነው። የመኪናችሁ ልክ የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ስቲከር አለ፣ ማኑዋሉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የሚለካውም ጎማው ቀዝቅዞ፣ ማለትም መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ከቆመ በኋላ እንጂ ጎሚስታ ቤት ድረስ ተነድቶ ሲግል አይደለም።

በምክሩ መሠረት ያስሞላችሁ አስቀንሱ። አለበለዚያ ጎማው መሀል መሀሉን ይበላል፣ ፍሬንም እንደ ልብ አይዝም።

ልኩ ሆኖም ካልጠፋ፣ አንዳንድ መኪና ሪሴት (የንፋስ መቆጣጠሪያ ሲስተሙን ዳግም ማስጀመር) ይፈልጋል። ሞተር ስታስነሱ መብራቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ በዚያው በርቶ ከቀረ ግን ችግሩ ሲስተሙ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ ለኪ ሴንሰር ባትሪው ሲያልቅ። ንፋስ መጨመር ምንም አይፈይድም።